አባዬ እንደ በቅሎ የገራት ድመት

ልጄ ሰሞኑን ከባሕር ዳር ስትመጣ ለድመቴ የፕላስቲክ ቤት ይዛላት መጣች። ቤት ይበሉት ሳጥን እኔ እንጃ፤ ሰማያዊ ነው፣ ከላይ ማንጠልጠያ አለው፣ ከፊቱ ደግሞ የእስር ቤት መስኮት የመሰለ የሽቦ በር ተገጥሞለታል። ጎንደር ያለውን ቤቴን ዘግቼ እሷ ዘንድ ጠቅልዬ እንድገባ ከተወሰነ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የወሰነችው ግን እሷ ናት እንጂ እኔ ገና አልወሰንኩም። አንዴ ጉልበቴን፣ አንዴ የማርያም ማኅበሬን፣ አንዴ የጓሮዬን ጌሾ እየጠራሁ ሰበብ ስደረድርባት ከርሜ በመጨረሻ ድመቴን ለማን ጥዬ ብላት፣ ይኸው ሰበቤን የምትዘጋበት ሳጥን ገዝታ ከች አለች።

በመጣች ማግስት ድመቷን ማጅራቷን ይዛ ሳጥኑ ውስጥ ልትከታት ስትታገል፣ ድመቴ ክንዷን ከክርኗ እስከ አንጓዋ ተልትላት አልጋ ሥር ገባች። እናት ነኝ፣ ልጄ ስትቧጨር መሳቅ አልነበረብኝም፤ ግን ሳቄ መጣ፣ ምን ላድርግ። ከዚያ ተነሥቼ ከጓዳው ቆጥ ላይ የአባዬን ዘንቢል አወረድኩ፣ አቧራውን አራግፌ ዘንባባው ደርቆ እንዳይሰባበር ውሃ ረጨት ረጨት አደረግኩበት፣ ያኔ ሽታው መጣ፤ የረጠበ ዘንባባ፣ ከጉንጉኑም መካከል ከአርባ ዓመት በላይ ያልወጣ የሰሊጥ ሽታ። ልጄ ቁስሏን በአልኮል እየጠረገች ምን ሆነሽ ነው እማ ትለኛለች፣ እኔ ግን ያን ሰዓት ጎንደር አልነበርኩም፤ ሱዳን ሀዋታ ነበርኩ፣ ራሃድ ወንዝ ዳር፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ ዘንቢሉን በሁለት እጄ አቅፌ ወደ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ፣ ውስጡ ድመታችን ሸጊቱ አለች።

አባዬ ጫኔ ይባል ነበር። ስሙን ሰምቶ ሥራውን መገመት ይቻላል፤ ከጎንደር መተማ፣ ከመተማ ገላባት በቅሎ ሲጭን ያደገ ሰው ነው። መጫን ብቻ ቢሆን ብዙ ሰው ይጭናል፤ የአባዬ ሙያ መግራት ነበር። ሰው ቀርቧት የማያውቅ፣ ርግጫዋ የማይታመን በቅሎ ይሰጡታል፣ እሱ ሁለት ወር ያህል አብሯት እየዋለ አብሯት እያደረ ይከርምና ወይዘሮ የምትቀመጥባት አድርጎ ይመልሳታል። ዱላ አይዝም። የሚይዘው ትዕግሥት ነው፣ ያ ትዕግሥት ደግሞ ለበቅሎ እንጂ ለሰው አልነበረም፤ እኛን ቤት ውስጥ በአንድ ቃል ያንቀጠቅጠን ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።

በደርግ ጊዜ ቆላው በጦርነት ሲታመስ አምስቱም በቅሎዎቹ አለቁበት። እኛም ሦስታችን፣ እሱና እማዬና እኔ፣ ድንበሩን በእግራችን ተሻግረን ቁረይሻ ገባን፣ የፋሽጋን ሰሊጥ ከሚያጭዱት ጋር ተቀላቀልን። ሰሊጥ ማጨድ ነውር የለበትም፣ ስንት ጨዋ ሰው አጭዶታል፤ አባዬን ያሳመመው ሙያውን የሚያውቅለት ሰው ማጣቱ ነበር። እዚያ ጫኔ የሚለው የለም፤ "ያ ሀበሻ" ነው። ማጭዱን አስቀምጦ ባረፈ ቁጥር እጁ ከመሬት ገመድ ያነሣና ልጓም ይሠራል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይሠራል። እማዬ ያን እያየች ፊቷን ታዞራለች።

ቁረይሻ ሳለን አንዲት ነብርማ ድመት ነበረችን፣ የሸጊቱ እናት። ሥራው አልቆ ወደ ሀዋታ ስንዛወር ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ጆንያ ውስጥ ከተን፣ አፉን በሲባጎ አስረን የትራክተር ተጎታች ላይ ጫንናት። ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ገና ከእርሻው ሳንወጣ ጆንያውን ቀዳ ወጣች፣ በሰው ጭንቅላት ላይ ዘላ ሰሊጡ ውስጥ ገባች፣ ያ ነው የመጨረሻዋ። አባዬ ትራክተሩን አስቁሞ እስኪመሽ ጠራት። ሲመለስ እኛን ሳያይ፣ በቅሎ ብትሆን እንዲህ አልጭናትም ነበር አለ፣ ከዚያ ወዲያ ስለሷ አንሥቶ አያውቅም። ግልገሏ ሸጊቱ የተረፈችው እማዬ ብብት ውስጥ ስለነበረች ነው።

ሸጊቱ ሀዋታ አድጋ የእናቷን መልክ ያዘች፣ አደን ላይ ግን እናቷን አስናቀች። አንድ ቀን አንድ ሰሊጥ ነጋዴ፣ ሀጂ ነው ሰው ሁሉ የሚለው፣ ከገዳሪፍ ሰሊጥ ሊገዛ መጥቶ በሚዛኑ ቦታ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ሸጊቱ ከጆንያ ክምር መካከል የሰው ክንድ የሚያህል አይጥ እየጎተተች በእግሩ ሥር አለፈች። ሀጂ ሚዛኑን ተወው። የማን ናት አለ፣ የዚያ ሀበሻ ናት አሉት። ገዳሪፍ ያለው መጋዘኑ በአይጥ ተበልቶ ሊያልቅ ነው፣ ስንት ድመት አስመጥቶ ሁሉም በመጡበት ቀን ጠፍተዋል፤ እናም ለአባዬ የመጋዘን ዘብነት ሥራ፣ ከጎኑም መኖሪያ አንድ ክፍል እሰጥሃለሁ አለው። ግን ያለ ድመቷ እንዳትመጣ፤ ከሃያ ቀን በኋላ ሎሪ እልካለሁ፣ ይዘሃት ና፣ ብትጠፋ ሥራም ቤትም የለም።

እኔ ይህን ስሰማ ያሰብኩት ሥራውንም ቤቱንም አልነበረም። ገዳሪፍ የስደተኛ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዳለ ሰምቼ ነበር፣ ሀዋታ ግን ለእኔ የሚሆን አልነበረም፤ ፊደል የቆጠርኩት አገር ቤት ነው፣ እሱንም እስከ "ቀ" ድረስ ነው። ቀሪው ፊደል ገዳሪፍ ነው ያለው ብዬ አመንኩ። ስለዚህ ትምህርቴ በሸጊቱ አራት እግር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው፣ እሷ ደግሞ በሕይወቷ ከእማዬ ብብት በቀር ምንም ላይ ተሳፍራ አታውቅም።

እማዬ ጆንያውን ድርብ እናድርገው አለች። አባዬ ያኔ ተቆጣ። ከተሰደድን ጀምሮ እንዲያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር፣ ደስም አለኝ፣ የድሮው ጫኔ ነበርና የተቆጣው። እገራታለሁ አለ።

በማግስቱ የእማዬን የገበያ ዘንቢል ወሰደ። ሱዳኖቹ ጉፋ ይሉታል፤ በዘንባባ የተጎነጎነ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ሁለት ጆሮ ያለው። አጥቦ፣ አድርቆ፣ ከቤቱ መካከል አስቀመጠውና ማንም እንዳያየው አዘዘ። እንዳይነካው አይደለም ያለው፣ እንዳያየው ነው። አዲስ በቅሎ መጀመሪያ ኮርቻውን በዓይኗ ትልመደው፣ ሰው ኮርቻውን ባየ ቁጥር ግን እሷም ትጠረጥረዋለች ይላል። እኛ ሦስት ሰዎች አንዲት ጎጆ ውስጥ፣ ከመካከሏ የተቀመጠ ዘንቢል እንዳላየን እየተሻገርን አራት ቀን ከረምን። እማዬ አንቱ ሰውዬ ገበያ በምን ልሂድ ትላለች፣ እሱ በሻሽሽ ሂጂ ይላታል። በአምስተኛው ቀን ሥሩ ላይ ሸጊቱ የምትተኛበትን የእማዬን አሮጌ ነጠላ አነጠፈበት፣ ከላዩም ከራሃድ የወጣ የደረቀ ዓሣ ቁራሽ ጣል አደረገ። ሸጊቱ ሦስት ጊዜ ዞረችው፣ አሸተተችው፣ ገባች፣ በላች፣ ወጣች። በነጋታው ገብታ ተኛች። አባዬ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር፤ ሳያያት እንዴት እንዳወቀ እንጃ፣ ፈገግ ሲል ግን በጎኑ አይቼዋለሁ።

ቀጥሎ ክዳን መጣ። ሽመናው ሳሳ ያለ ጆንያ፣ ነፋስ የሚያስገባ፣ ቀዶ ሰፋለት። እንግዲህ ክዳኑን መዝጋት አለ፣ ግን ለምን ያህል ጊዜ? ሰዓት የሚባል ነገር ቤታችን አልነበረም፣ የእማዬ ሰዓት ደግሞ ጸሎቷ ነው። ስለዚህ አባዬ ክዳኑን ዘግቶ ለአንድ አቡነ ዘበሰማያት ያህል ይቆያል፣ ከዚያ ይከፍትና ዓሣ ይሰጣታል። ማግስቱን ሁለት፣ ከዚያ አራት። ሸጊቱ ማጉረምረም ከጀመረች ትናንት ወዳቆምንበት እንመለሳለን። እማዬ ጨንቋት ቶሎ ቶሎ ስትለው አባዬ በስሟ ጠርቶ ያቋርጣታል፤ ጥሩ፣ በቀስታ በይው፣ አታጭበርብሪ ይላታል፤ ድመቷን ማጭበርበሯ ይሁን እግዜርን ማጭበርበሯ አልገባኝም። እውነቱን ለመናገር ከሸጊቱ ይልቅ መገራት ያስፈለጋት እማዬ ነበረች፤ ድምፅዋ በፈራ ቁጥር ዘንቢሉ ውስጥ ያለችውም ትነቃነቃለች፣ እማዬ ረጋ ስትል እሷም ትረጋለች። አንድ አሥር ቀን ሲሆን ጸሎቱ ገና ሲጀመር ሸጊቱ ራሷ እግሮቿን ሰብስባ መተኛት ጀመረች። የዚያን ሰሞን ያህል ቤታችን ተጸልዮ አያውቅም።

የመሸከሙ ተራ የኔ ሆነ። መጀመሪያ በግቢው ዙሪያ፣ ከዚያ እስከ ጎረቤታችን እስከ ሀቦባ ዘይነብ በር፣ ሀቦባ በነሱ አያት ማለት ነው፣ ከዚያ እስከ ወፍጮ ቤት፤ የሎሪ ድምፅ እንድትለምድ ከወፍጮ ሞተር የተሻለ ምን ይገኛል። መጀመሪያ ከሩቅ ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ፣ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ፣ በየቀኑ አሥር እርምጃ እቀርባለሁ። ማሽላ ሊያስፈጩ የተሰለፉት ሴቶች ድመቷን ሽርሽር የምታወጣዋን ሀበሻ እያዩ ይንከተከታሉ። እኔ አፍሬ ልሞት ነው፣ አባዬ ግን ቤት ደርሼ ስነግረው ሳቁ ይጠቅማል፣ የሰው ሁካታም ትልመድ አለ።

ሀቦባ ዘይነብን ካነሣሁ አይቀር የእማዬን ነገር መናገር አለብኝ፣ ወደፊት ስለሚያስፈልግ። ሀዋታ በገባን ሰሞን ሀቦባ ሸጊቱን ባየች ቁጥር ከዲሳ፣ ከዲሳ እያለች ትጠራታለች። በዚያ አገር አረብኛ ከዲሳ ማለት ድመት ማለት ነው፤ ወንዱ ደግሞ ከዲስ። እማዬ ግን ቅድስት ያለቻት መስሏት አማተበች። እንስሳን ቅድስት ብሎ መጥራት! አንድ ሳምንት ሀቦባን ሰላም አላለቻትም፣ ሀቦባም ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ አንድ ሳምንት ሙሉ የባሚያ ወጥ ስትልክ ከረመች። አባዬ ከገላባት ገበያ ባመጣው አረብኛ ነገሩን ሲያስረዳት እማዬ ራሷ እስክትታመም ሳቀች። ግን ከአእምሮዋ አልወጣም መሰል፤ ከዚያ በኋላም ሀቦባ ከዲሳ ባለች ቁጥር የእማዬ እጅ ወደ ግንባሯ ሊሄድ ይልና ይመለሳል።

ቀኑ ደረሰ፣ ሀጂ የላከው ሎሪ መጣ። ሾፌሩ አወድ ይባላል፣ ሀዋታ ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው፣ ሕጉንም ሀዋታ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከዲሳ የሚባል ነገር ሎሪው ላይ አይወጣም፤ ሀጂም ስለ ድመቷ ሳይነግረው ነው የላከው። አንድ ጊዜ አንዲት ድመት ከጆንያ አምልጣ ሲነዳ ማጅራቱ ላይ ሰፍራበት ሎሪውን ቦይ ውስጥ ከትቶታል፤ ጠባሳውን አንገትጌውን ገለጥ እያደረገ ያሳያል። እማዬ ይህን ስትሰማ ማማተብ ጀመረች። አባዬ ግን አልተናወጠም፤ ዝም ካለች ዘንቢል ናት፣ ከጮኸች ያልገራኋት እኔ ነኝ፣ ያውርደን አለ።

የዚያን ቀን ጠዋት ሸጊቱ ምግብ አልተሰጣትም፣ ጉሮሮዋን እንድታረጥብ ውሃ ብቻ ቀመሰች፤ ጠግባ የተጫነች በቅሎ መንገድ ላይ ትታመማለች ይላል አባዬ። ነጠላዋ ተነጠፈላት፣ ክዳኑ ተዘጋ፣ በላዩ እርጥብ ጨርቅ ጣል ተደረገበት። ከእቃችን ጋር አንድ ጣሳ የሀዋታ አሸዋም ተጭኗል፣ ለሷ መጸዳጃ ነው፤ አገር ለቆ ሲሄድ አሸዋ ይዞ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እማዬ ዘንቢሉን ጭኗ ላይ አድርጋ ከሎሪው ጎን ግንድ ላይ ተቀመጠች። ሞተሩ ተነሣ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ዘንቢሉ ዝም አለ።

አወድ እቃ እየቆጠረ መጥቶ ከፊቷ ቆመና በእጁ ወደ ዘንቢሉ እያመለከተ ይህ ምንድነው አላት። እማዬ ጸሎት ላይ ነበረች። አቡነ ዘበሰማያትን ጨርሳ ወደ ቅዱሳኑ ተሻግራለች፣ ጭንቀቷም ስለበረታ ድምፅዋ ከወትሮው ከፍ ብሏል፤ ቅድስት ማርያም፣ ቅድስት አርሴማ፣ ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ። አወድ ቆመ፣ ፊቱ ተለወጠ። ከዲሳ? አለ። እማዬ ሰውየው ስለ ቅዱሳኑ የጠየቃት መስሏት አጥብቃ ራሷን ነቀነቀች። አወድ በጣቱ እየቆጠረ ከም አለ፣ ስንት ማለቱ ነው። ከም የሚለውን ቃል እማዬ ከገበያ ታውቀዋለች። ቅዱሳኑ ስንት እንደሆኑ መጠየቁ ነው እንግዲህ፤ በምታውቃት ጥቂት አረብኛ፣ በሙሉ ልቧ፣ ከቲር አለችው። ብዙ ናቸው!

ሰውየው ወደ ኋላ ተስፈነጠረ። ዘንቢል ሙሉ ድመት! ክፈቺ አላት። እኔ ትምህርት ቤቱ ከነፊደሉ ከዓይኔ ላይ ሲጠፋ አየሁት። አባዬ ከጭነቱ ላይ ወረደ፣ አልሮጠም፣ ድምፁንም አላነሣም፤ ሸጊቱ አጠገብ ማንም እንዳይሮጥ ራሱ ነው ያዘዘው። ቀስ ብሎ ክዳኑን ገለጠ።

ሸጊቱ እግሮቿን ሰብስባ ነጠላው ላይ ተኝታለች። ዓይኗን ግማሽ ገለጠች፣ አወድን አየችው፣ መልሳ ጨፈነች። አወድ ቢጠብቅ ቢጠብቅ የሚዘል ነገር የለም። ከአንዲቷ በታች ሌላ ይኖር እንደሆነ በአንድ ጣቱ ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አየ፣ የለም። ከዚያ ወደ ጋቢናው ሄዶ ጥሩምባውን ነፋው፤ ሀቦባ ዘይነብ ከበሯ ላይ ጆሮዋን ያዘች፣ አህዮች ደነበሩ፣ ሸጊቱ አንድ ጆሮዋን አዙራ አዛጋች። የእማዬ ከንፈር ያን ሁሉ ጊዜ አላረፈም። አወድ መሪውን እንደያዘ ሳቅ ጀመረው፣ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅነው፣ ከዚያ ወላሂ ይህቺ ከመንገደኞቼ ሁሉ ጨዋዋ ናት አለና እማዬንና እኔን ከነዘንቢሉ ጋቢና አስገባን። ከነበረው ሰው ሁሉ እኛ ብቻ ነን ጋቢና የገባነው። አባዬ ከላይ ጭነቱ ላይ ሆኖ ሎሪው በቆመ ቁጥር በመስኮቱ አጎንብሶ ጭነቱ ደህና ነው? ይለኛል፣ ደህና ነው እለዋለሁ። በድምፁ ውስጥ የመተማ መንገድ ነበረበት።

ገዳሪፍ ስንደርስ ግን ዋናው ፈተና ጠበቀን። ሀጂ በመጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ድመቷን አሁኑኑ ልቀቃት አለ፤ አይጦቹ በጠራራ ፀሐይ ጆንያ ላይ ይሄዳሉ፣ ሰሊጡ በየቀዳዳው ይፈስሳል። አባዬ አይሆንም አለ። ከተሰደድን ጀምሮ ለአንድ አሠሪ አይሆንም ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከሩቅ የመጣ እንስሳ አዲሱን ቦታ እስኪያውቅ ሰባት ቀን ይታሰራል፣ አንተ ያመጣሃቸው ድመቶች የጠፉት በመጡበት ቀን ስለለቀቅሃቸው ነው፣ እኔ አልለቅም። ሀጂ እንዲህ ያለ መልስ የለመደ ሰው አይመስለኝም። ጢሙን እየቋጨ ሰባት ቀን ሰጠ፤ በስምንተኛው መጋዘኑ ውስጥ ካላየኋት እቃችሁን አንሥታችሁ ውጡ።

እማዬ ሰባቱንም ቀን እቃችንን አልፈታችም። አባዬ ግን ሸጊቱን ከኛ ጋር በአንዲቷ ክፍል ዘግቶ፣ ዘንቢሉን ከጥግ አስቀምጦ፣ የሀዋታን አሸዋ በጣሳ ክዳን ላይ ደልድሎ፣ እንደ ሀብታም ሰው ጋደም ብሎ ከረመ። በስምንተኛው ጠዋት በሩን ከፈተና ወጥቶ ደጅ ድንጋይ ላይ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። እንዳታይዋት አለን። ሀጂ ከመጋዘኑ በር ላይ ቆሟል። ሸጊቱ ወጣች፣ ደፉን አሸተተች፣ መጋዘኑን አለፈችው፣ በግቢው በር ሾልካ ወደ ጎዳናው ወጣች። እማዬ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሀጂ እጁን አማታ፣ አላልኩህም እንደማለት። አባዬ አልዞረም። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ ግን ጣቶቹ ገመድ እየሠሩ ሲፈቱ አየሁ፣ ገመድ ሳይኖር።

እስከ ቀትር አልተመለሰችም። ምሳ የበላ ሰው አልነበረም። ሀጂ ለሶላት ሄዶ ተመለሰ፣ እማዬ ያልተፈታውን እቃ እንደገና አጠበቀችው፣ እኔ በልቤ ሀ ሁ እያልኩ እስከ "ቀ" እደርስና እመለሳለሁ። ከሰዓት ፀሐዩ ዘንበል ሲል ከመጋዘኑ ውስጥ፣ በጎዳና በኩል ባለች በማናውቃት ቀዳዳ ነው የገባችው ለካ፣ ከጆንያዎቹ መካከል ጭረት ተሰማ። ቀጥሎ ሸጊቱ በሀጂ እግር መካከል ወጣች፤ አፏ ውስጥ ያለው አይጥ ከራሷ ይበልጣል፣ አንገቷን አቅንታ በግቢው መካከል ጎተተችው፣ በአባዬ ፊት አለፈች፣ ክፍላችን ገብታ ዘንቢሉ ሥር ጣለችው፣ ዘንቢሉ ውስጥም ገብታ ተኛች። አባዬ ያኔ ተነሥቶ ቆመ። አጭር ሰው ነው አባዬ፣ ያን ቀን ግን በሩን ሞላው። ሀጂም አጠገቡ መጥቶ ትከሻውን መታ አደረገና፣ አቡ ከዲሳ አለው፣ የድመቷ አባት። እኔ በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ኩራት በትዳሬም በልጄ ምረቃም ደግሜ አላገኘሁትም፤ ይቅር ይበለኝ።

ስሙ ጸና። ገዳሪፍ ገበያ አቡ ከዲሳ የማይለው ጠፋ፣ ድመቱንም አህያውንም ግመሉንም አልሄድ ሲለው የሚያማክረው እሱን ሆነ። ጣጣው ግን የመጣው ከኛ ሰዎች ነው፤ ከአገር ቤት አዲስ የሚገቡ ስደተኞች ሱዳኖቹ አቡ ከዲሳ ሲሉት ሲሰሙ አባ ቅዱስ የተባሉ መነኩሴ ያሉ መስሏቸው መጋዘኑ በር ላይ እየመጡ ጉልበት ይስማሉ። አንዲት አሮጊት ጠበል ካልሰጡኝ አልነሣም ብላ እስኪመሽ ተቀመጠች። አባዬ በቅሎ ገሪ ነኝ ቢላት ከትሕትናዎ ነው አለችው። እማዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲቆጣት፣ አባ ቅዱስ ይፍቱኝ እያለች ታበግነው ነበር።

እኔም ፊደሌን ከ"ቀ" ቀጠልኩ። መምህርት ሆኜ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት በዚያች በዘንቢል ውስጥ ዝምታ ነው።

ደርግ ወድቆ አገራችሁ ግቡ ሲባል አልሄድም ያለው አባዬ ነው። እዚህ አቡ ከዲሳ ነኝ፣ ጎንደር ማን ነኝ አለ። በቅሎ ቀርቷል፣ መኪና ነው ሁሉም ይላል፣ እውነቱንም ነበር። እማዬ አልተከራከረችውም። ትልቁን ሻንጣ አውጥታ ክፍሉ መካከል ከፍታ አስቀመጠችና ሳታየው መሻገር ጀመረች። በሁለተኛው ሳምንት ጋቢውን ሥሩ ላይ አነጠፈች። በሦስተኛው፣ ሻይ እንጠጣ እያለች ከሰዓት ከሰዓት አውቶቡስ መናኸሪያ ትወስደው ጀመር። አንድ ቀን እዚያው ብርጭቆውን አስቀምጦ አየት አደረጋትና፣ ጥሩ፣ ስንተኛው አቡነ ዘበሰማያት ላይ ደርሰናል አላት። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በሳምንቱ ተሳፈርን፣ አልጮኸም።

ሸጊቱ አልመጣችም፤ ከዚያ በፊት አርጅታ ሞታ መጋዘኑ ጀርባ ኒም ዛፉ ሥር አባዬ ራሱ ቀብሯታል። ዘንቢሉ ብቻ ነው የመጣው። አባዬ ጎንደር አሥራ ሁለት ዓመት ኖረ፣ ልጄን አዝሎ አሳደገ፣ አንዲት በቅሎ ግን አልገራም፤ ገመድ ይሠራል፣ ይፈታል። እሱም እማዬም አሁን የሉም። እንደ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ መጠበቅ የሚችል ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም፣ ሁሉም ማጅራት ይዞ መክተት ነው ብዬ ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጄ ከነገርኳት ዛሬ አሥራ አራተኛ ቀኔ ነው። ሰምታ ስታበቃ የሰማያዊውን ሳጥን በር ነቅላ፣ ውስጡ አሮጌ ሹራቤን አንጥፋ ከሳሎኑ መካከል አስቀመጠችው። ድመቴ በአምስተኛው ቀን ገብታ ተኛች። ይኸው አሁን በሩ ተመልሶላት፣ በሩ ሲዘጋ እንኳ ታንኮራፋለች፤ ያቺ ሰበብ አለቀች።

ዛሬ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደግሞ መኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ሻንጣዬ ተከፍቶ ተቀምጧል። ባዶ ነው፣ ከሥሩ ጋቢዬ ብቻ ተነጥፎበታል። ልጄ ወጥ ቤት ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ አልዞረችም፣ ጎኗን ግን ሳየው ፈገግ ብላለች። የጫኔ ልጅ ልጅ! ማን አስተማረሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። ሻንጣውን ሳላየው ተሻግሬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና አቡነ ዘበሰማያት ብዬ ጀመርኩ፣ በቀስታ፣ ሳላጭበረብር።